«ለ ማን» የተባለው አሮጌ የኢጣሊያ ሞተር ብስክሌት
ስለ አያያዙ፣ ስለ ብልሽቱ አፈላለግና ስለ መለዋወጫው ንግድ

በሰሜን ኢጣሊያ፣ በኮሞ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፣ ተራራና ውሃ በተገናኙበት ጠባብ ስፍራ ላይ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። ከተማዪቱ ስሟ በሩቅ አገር ሊሰማ የቻለው ሞቶ ጉዚ በተባለው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ምክንያት ነው። ኩባንያው የተቋቋመው በ1921 ዓ.ም. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መሥራቾቹ ካርሎ ጉዚ፣ ጆርጆ ፓሮዲና የጆርጆ አባት ነበሩ። በነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ የሚታየው ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ በ1919 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ የሞተው የጓደኛቸው የጆቫኒ ራቬሊ መታሰቢያ ነው። ፋብሪካው ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ቆይቶ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያጆ ኩባንያ ሥር ሆኖ እዚያው ማንዴሎ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከዚህ ፋብሪካ ከወጡት የስፖርት ሞተር ብስክሌቶች ሁሉ በሰፊው የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው 850 ለ ማን ነው። ስሙ የተወሰደው የሃያ አራት ሰዓት እሽቅድድም ከሚደረግባት ከፈረንሳዪቱ ከተማ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን ሲሰማ «ለማን?» ተብሎ የተጠየቀ ይመስለዋል፤ ጥያቄውም ያለ ቦታው የገባ አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል 844 ሴንቲሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በዘጠና ዲግሪ ተከፍተው በግራና በቀኝ ወደ ውጭ የወጡለት፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ የሚያደርስ መኪና ነበር። በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ ለመሮጥ ይችል ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሞዴል ተከትለውት ወጡ፤ በ1984 ዓ.ም. ሞተሩ ወደ አንድ ሺህ ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ ከፍ አለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥራው ቆመ። እንግዲህ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው ለ ማን ሁሉ፣ ትንሹ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ታላቁ ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት የተጠጋ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየናረ ስለ ሄደ፣ የሚገዛው ሰው በአንድ የተሰወረ ጉድለት ምክንያት ብዙ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። መኪናው ለማን ይሆናል ቢባል፣ ከመግዛቱ በፊት የሚመረምር ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

የእነዚህ መኪናዎች ትልቁ በጎነት ከውስጥ ያለውን ነገር ለመጠገን እንዲመች ሆነው መሠራታቸው ነው። ቴላዮውን ያቀደው መሐንዲሱ ሊኖ ቶንቲ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየውም በ1971 ዓ.ም. በቪ 7 ስፖርት ላይ ነው። ቶንቲ ቴላዮውን ዝቅ ለማድረግ ሲል ቀድሞ በሞተሩ አናት ላይ ተቀምጦ በችንጋ ይዞር የነበረውን ዲናሞ አንሥቶ በሞተሩ ፊት፣ በዋናው ዘንግ ጫፍ ላይ አኖረው። የቴላዮውም የታችኛዎቹ ሁለት ቧንቧዎች በብሎን የሚፈቱ ስለ ሆኑ ሞተሩን ለማውጣት መኪናውን በሙሉ መበታተን አያስፈልግም። ሲሊንደሮቹ ወደ ውጭ የወጡ ስለ ሆነ የቫልቮላዎቹን ክፍተት ለማስተካከል ሁለት ክዳን መክፈት ብቻ ይበቃል። ክፍተቱ ከ0.2 ሚሊሜትር ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘ ጊዜ በመለኪያ ምላጭ ይለካል። በሌሎች የኢጣሊያ የስፖርት ሞተሮች ላይ ቀን ሙሉ የሚወስደው ይህ ሥራ፣ እጁ የለመደ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ መካኒክ ደግሞ ሌላ ምቾት አለው። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ችንጋና ጎማ የሚባሉት ስሞች ከኢጣሊያንኛ ወደ እኛ ጋራዥ የገቡ ስለ ሆኑ፣ የማንዴሎ ፋብሪካ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ሲመለከት ግማሹን ቃል ሳይተረጐምለት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ለ ማኖች ላይ ሲሊንደሩ የተሠራው ከአሉሚኒየም ሲሆን ፒስተኑ የሚመላለስበት የውስጥ ግድግዳ በክሮም የተለበጠ ነው። ክሮም ጠንካራ ስለ ሆነ መኪናው ዘወትር በሚሠራበት ጊዜ ለብዙ ሺህ ኪሎሜትር ሳይበላ ይቆያል። ነገር ግን መኪናው ለብዙ ዓመታት በእርጥብ ስፍራ ቆሞ እንደ ሆነ፣ እርጥበቱ በልባጡ ሥር ሰርጎ ይገባና አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ክሮሙ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ይወድቃል። የሚወድቀው ቅርፊት ከብረት ይልቅ የጠነከረ በመሆኑ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ በዋናው ዘንግ ኩሽኔታዎች መካከል ሲያልፍ እንደ አሸዋ ይፈጫቸዋል። ስለዚህ ሻጩ «ሃያ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ፣ ብዙ ያልሄደ» እያለ የሚያመሰግነው መኪና፣ በየሳምንቱ ሲነዳ ከኖረው ይልቅ የሚያስፈራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሞተር ብስክሌት ላይ ትንሽ ኪሎሜትር ማየት ሁልጊዜ የሚያስደስት ነገር አይደለም።

ገዢው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ ዘይቱን በንጹሕ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሶ በፀሐይ ብርሃን መመልከት ነው፤ እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ስስ ቅርፊቶች ከታዩ ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው። ሻጩ ዘይቱን በዋዜማው ለውጦት ሊሆን ስለሚችል ግን ይህ ብቻ አያስተማምንም። ሁለተኛውና የሚያስተማምነው ቴስታታውን አንሥቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ በዓይን ማየት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቴስታታ ማንሣት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሻጩ አይሆንም ካለ ገዢው ዋጋውን ሲሊንደሮቹ እንደ ተበላሹ አድርጎ ማስላት አለበት። ዛሬ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የተሰካ ካሜራ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቶ ማየት ስለሚቻል፣ የዚህ ዓይነት መሣሪያ የገዛ ጋራዥ ወጪውን በቶሎ ይመልሳል።

ክሮሙ የተላጠ ሲሊንደር እንደ ተራ የብረት ሲሊንደር ተሞርዶ በትልቅ ፒስተን ሊሠራ አይችልም። መፍትሔው አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን መግጠም ነው። ፋብሪካው ራሱ ከ1981 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው ሞዴል ላይ ክሮሙን ትቶ ኒጉሲል የተባለውን፣ ከኒኬልና ከሲሊኮን ካርባይድ የተቀመመውን ልባጥ ተጠቅሟል፤ ይህኛው እንደ ክሮሙ አይላጥም። እዚያው ማንዴሎ ውስጥ የሚገኘው የጂላርዶኒ ፋብሪካ በዚህ ዓይነት ልባጥ ለአሮጌዎቹ ሞተሮች የሚስማማ ሲሊንደርና ፒስተን ሲሠራ ስለ ኖረ፣ ክሮሙ የተላጠበት መኪና ዕድሜው አበቃ ማለት አይደለም። ብቻ አዲስ ሲሊንደር ከመገጠሙ በፊት የታችኛው ክፍል ተከፍቶ፣ የዘይት መንገዱ ሁሉ ታጥቦ፣ ኩሽኔታዎቹ መታየት አለባቸው። ይህን ሳያደርግ ከላይ አዲስ፣ ከታች አሮጌ አድርጎ የገጠመ ሰው፣ የቀረው የክሮም ቅርፊት አዲሱን ሥራ እንዲያበላሽለት ትቶታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው።

ከዘይት ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። የዘይቱ ፊልትሮ የሚገኘው ከሞተሩ በታች ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ፊልትሮውን ለመለወጥ የማጠራቀሚያው ብሎኖች በሙሉ ተፈተው፣ ማጠራቀሚያው ወርዶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን መግባት አለበት። አሠራሩ አሰልቺ ስለ ሆነ ብዙ ባለቤቶች ዘይቱን ብቻ ለውጠው ፊልትሮውን ለሚቀጥለው ጊዜ ይተዉታል፤ የሚቀጥለውም ጊዜ ሳይመጣ ዓመታት ያልፋሉ። በደንብ ያልጠበቀ ፊልትሮም ከቦታው ሊላላ ስለሚችል ጠንቃቃ መካኒኮች እንዳይዞር በቀለበት ያስሩታል። ገዢው ከሻጩ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ፊልትሮው መቼ ተለወጠ?» የሚለው ቢሆን መልካም ነው። መልሱ ወዲያው ከመጣ ባለቤቱ የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

ሞተሩ በአንድ ሲሊንደር ብቻ ሲሠራ ብልሽቱን መፈለግ፣ ይህ መኪና ከሌሎች ይልቅ ለመካኒክ የሚመችበት ቦታ ነው። በአሮጌው ለ ማን ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራተር፣ የራሱ ቦቢና፣ የራሱ ፑንቲናና የራሱ ኮንደንሰር አለው። ስለዚህ ጤነኛው ጎን በታመመው ጎን ላይ ምስክር ሆኖ ይቆማል። መጀመሪያ የትኛው ጎን እንደ ሞተ ለማወቅ ሞተሩ እንደ ተነሣ በሁለቱ የጭስ ቧንቧዎች ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ማሳረፍ ይበቃል፤ በጤነኛው ላይ ውሃው ጢስ ብሎ ይተናል፣ በታመመው ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱ ካንዴላዎች ቦታ ይለዋወጣሉ። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ከተሻገረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በስፍራው ከቀረ ቦቢናዎቹ ይለዋወጣሉ። በዚህ ጊዜ ወደ ካንዴላው የሚሄደው ወፍራም ሽቦና ከፑንቲናው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ አብረው መዛወር አለባቸው። ወፍራሙን ብቻ ያዛወረ ሰው እሳቱን ያለ ጊዜው ስለሚልከው፣ ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል እየተፋ ሌላ ብልሽት ያለ ያስመስልበታል።

ሕመሙ አሁንም በስፍራው ከቀረ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ይታያሉ። የእሳቱን ጊዜ ለማስተካከል በካምቢዮው መገጣጠሚያ ቀኝ ጎን ላይ በጎማ የተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ጎማው ሲነሣ በቮላኖው ላይ ዲ እና ኤስ የሚባሉ የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ትርጉማቸውም «ዴስትራ»፣ ቀኝ፣ እና «ሲኒስትራ»፣ ግራ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል መስሎት ግራና ቀኙን ያምታታ ሰው ጥቂት አይደለም። እሳቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥያቄው ወደ ነዳጁ ይዞራል። ለጥቂት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ የወጣው ካንዴላ በነዳጅ የራሰ ከሆነ ነዳጅ ደርሷል፣ እሳት አልተገኘም፤ ደረቅ ከሆነ ነዳጁ በመንገድ ቀርቷል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚል፣ በፍጥነት ሲዞር ግን የሚስተካከል ከሆነ፣ ካርቡራተሩን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ይህ ጎማ ከእርጅና የተነሣ ሳይሰነጠቅ የሚቀር ስላልሆነ ካርቡራተሩን ከመፍታት በፊት እርሱን መመልከት ነው። ብዙ ደህና ካርቡራተር በዚህ ጎማ ጥፋት ተፈትቶ ተበላሽቷል።

ዛሬ በአውሮፓ የሚሸጠው ቤንዚን አልኮል የተቀላቀለበት መሆኑም በአሮጌዎቹ መኪናዎች ላይ አዲስ ችግር አምጥቷል። አልኮሉ ውሃ ይስባል፣ የድሮ ጎማዎችንም ያሳብጣል። ስለዚህ መኪናው ለክረምት ሲቆም ነዳጁን ከካርቡራተሮቹ ሳህን ማፍሰስ ይገባል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ባለቤቶችን ከሁሉ የሚያስመርር ነው፤ ይሁን እንጂ ከሚወራው ያህል ምሥጢር የለበትም። ባትሪው በመንገድ እያለ የሚሞት ከሆነ፣ ከዲናሞው በፊት በፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ማየት ነው። ቁልፉ ሲዞር ይህች መብራት መብራት አለባት፤ በእርሷ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ ወደ ዲናሞው ተሽከርካሪ ጠምዛዛ ሽቦ ገብቶ መግነጢሱን የሚቀሰቅሰው ነውና። አምፖሏ የተቃጠለች እንደ ሆነ ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል። በጥቂት ሳንቲም የሚገዛ አምፖል ጠፍቶ ውድ ዲናሞ የሚለወጠው በዚህ ነው። አምፖሏ ደህና ሆና ካልበራች ወደ ዲናሞው ካርቦኖችና ወደ ጠምዛዛው ሽቦ መሄድ ያስፈልጋል። ሁሉም ደህና ከሆነ ሞተሩ በመጠኑ ሲዞር በባትሪው ጫፎች ላይ የሚለካው ወደ 14 ቮልት መሆን አለበት።

ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል ደግሞ በዚያ ጊዜ የፊት መብራቱን መመልከት ይጠቅማል። መብራቱ ፈጽሞ ከደከመ ጥፋቱ የባትሪው ወይም የወፍራሙ ሽቦ ነው። መብራቱ እንዳለ ሆኖ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን፣ ኮረንቲው በአሮጌ ማብሪያዎችና በዛጉ መጋጠሚያዎች ውስጥ ሲያልፍ ኃይሉ ባክኖ ቀርቷል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ማጽዳት፣ አስፈላጊም ሲሆን ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ሪሌ ማስገባት ይፈውሰዋል።

ፍሪሲዮኑ እንደ መኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው። በሞተሩ ዋና ዘንግ ኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ሲያረጅ ዘይት ወደ ሸራዎቹ ይደርስና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጎማው ራሱ ርካሽ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ሞተሩና ካምቢዮው መለያየት አለባቸው። ልምድ ያላቸው መካኒኮች ሞተሩን ከቴላዮው ከማውጣት ይልቅ ሞተሩን በወለል ላይ አስደግፈው ቴላዮውን ከላዩ ያነሡታል። ለጋራዥ ባለቤት ከዚህ የሚገኘው የሒሳብ ነገር ግልጽ ነው፤ በእጅ ሥራ ብዙ፣ በዕቃ ግን ጥቂት ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተከፈተ የሞተሩንም የካምቢዮውንም ማገጃ ጎማ ባንድነት መለወጥና ሸራዎቹን መመርመር ይገባል። ደንበኛው አንዱን ብቻ ለውጡ ቢል እንኳ ነገሩን ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ የሚያሠራ ደንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ አይመለስም።

ዘንጉ ብዙ ጥያቄ የለውም። በካምቢዮው 750፣ በኋላው ጥርስ ሳጥን ውስጥ 250 ሴንቲሜትር ኩብ ዘይት መኖሩን ማየት፣ ዘንጉ የሚታጠፍበትን ክሮቼራ የሸፈነውን ጎማ ገልጦ ልል መሆን አለመሆኑን በእጅ መሞከር ይበቃል።

ፍሬኑ ግን ሕይወት ያለበት ነገር ስለ ሆነ በችኮላ አይታለፍም። የጉዚ ፍሬን ከሌሎች ሞተር ብስክሌቶች የተለየ ነው። በእግር የሚረገጠው ፔዳል የኋላውን ዲስክና ከፊት ሁለት ዲስኮች የግራውን ባንድነት ይይዛል፤ በእጅ የሚጨበጠው ደግሞ የቀኙን የፊት ዲስክ ብቻ ይይዛል። በሌላ ሞተር ብስክሌት የለመደ ሰው በእጁ ብቻ ሲይዝ ፍሬኑ የደከመ ይመስለዋል፤ የሚያቆመው እግሩ መሆኑን ሳያውቅ በከተማ መካከል መንዳት አይገባውም። ከፔዳሉ ወደ ፊት የሚሄደው ቧንቧ ወደ መሪው ወጥቶ ተመልሶ ስለሚወርድ፣ የፍሬን ዘይት ሲለወጥ በከፍታው ቦታ ላይ አየር ይቀርበታል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ ሸራውን ከመወንጀል በፊት ይህን አየር በትዕግሥት ማስወጣት ነው። ከፋብሪካ ጋር የመጡት የጎማ ቧንቧዎች ዛሬም በቦታቸው ያሉ ከሆኑ፣ ከውጭ ደህና ቢመስሉም ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ስለሚዘጉ፣ ፍሬኑ ተይዞ አልለቅ ሊል ይችላል። እነዚህን ሳይለውጥ መኪናውን ለፈተና የሚያወጣ ጋራዥ ኃላፊነቱን አልተወጣም።

የመለዋወጫው ንግድ በብዙ ትናንሽ ሱቆች እጅ ያለ ነው። ሞተሩ በመሠረቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ ሞዴሎች ላይ ስለ ተሠራ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማገጃ ጎማ፣ ሽቦ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ፊልትሮ በኢጣሊያ፣ በጀርመንና በአሜሪካ ከሚገኙ ነጋዴዎች ያለ ችግር ይገኛል። የሚቸግረው በመጀመሪያው ሞዴል ላይ ብቻ የነበረው ነው፤ መቀመጫው፣ የፊት መሸፈኛው፣ የጎን ክዳኖቹ። ዋጋው እየናረ በሄደ ቁጥር ከሌላ ርካሽ የጉዚ ሞዴል ቴላዮ ላይ የመጀመሪያውን ለ ማን መልክ አልብሶ የሚሸጥ ሰውም ስለማይጠፋ፣ በቴላዮውና በሞተሩ ላይ የተቀረጹት ፊደላትና ቁጥሮች ከፋብሪካው መዝገብና ከባለቤትነቱ ወረቀት ጋር መመሳከር አለባቸው። አዲስ ሲሊንደር የሚያዝ ሰውም ፒስተኑን ለብቻው እንዳያዝ። ፋብሪካው ሲሊንደርንና ፒስተንን በመጠናቸው ልዩነት ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ስለሚመድብ፣ በሲሊንደሩ ላይ የታተመው ፊደል በፒስተኑ አናት ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ዕቃው ከሣጥኑ እንደ ወጣ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መታየት አለበት።